የጨመረው ለምን ይጨምራል?

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ይዞኛል። ዋጋው የጨመረ አክሲዮን ለምንድን ነው መጨመሩን የሚቀጥለው? የወረደውስ ለምን ይበልጥ ይወርዳል? በፋይናንስ ትምህርት ይህ ሞመንተም ይባላል።

ጄጋዲሽና ቲትማን የተባሉ የፋይናንስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናት ከ1965 እስከ 1989 የነበሩትን የአሜሪካ አክሲዮኖች አዩ። ባለፉት 6 ወራት በጣም የጨመሩትን ገዝቶ፣ በጣም የወረዱትን ሸጦ፣ 6 ወር የቆየ ሰው በአማካይ በወር 1 በመቶ ገደማ ያተርፍ ነበር። ያለፈው ዋጋ የነገውን አይናገርም ተብለን ለተማርን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ትርፉ የስጋት ካሳ ነው፣ ማለትም የበለጠ ስጋት ለተሸከመ የሚከፈል ነው የሚሉ አሉ። እኔን አላሳመኑኝም። የአክሲዮን ትርፍን በስጋት የሚያስረዳ ሞዴል የሠሩት ፋማና ፍሬንች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ሞዴላቸው ይህን ማብራራት እንዳልቻለ ጽፈዋል።

እኔ የማምነው ወሬ ቀስ ብሎ ስለሚዳረስ ነው የሚለውን ነው። ሆንግና ስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ሐሳብ ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስ እህል ተራ ስቆም በዓይኔ የማየው ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ ጤፍ ሲወደድ መጀመሪያ የሚሰማው ስልኩ የማያርፈው ነጋዴ ነው። ቀጥሎ ደላላው ይሰማል። ከገጠር በአህያ ጭኖ የገባው ገበሬ ግን ጆንያውን ፈትቶ የሚጠራው ያለፈውን ገበያ ዋጋ ነው። ነጋዴው ዝም ብሎ ጤፉን በመዳፉ ዘገን ያደርግና ይመዝናል። ገበሬው የሚሰማው በሚቀጥለው ገበያ ነው፤ ያኔ እሱም ይጨምራል። ዋጋው በአንድ ቀን ዘሎ አይቆምም። ወሬው ከሰው ሰው ሲያልፍ ቀስ እያለ ይወጣል።

አክሲዮኖቹም ላይ ይኸው ታይቷል። ጥቂት ተንታኞች ብቻ የሚከታተሏቸው ኩባንያዎች ላይ ሞመንተሙ ይበረታል። በተለይ መጥፎ ዜና ይዘገያል።

ሌላው ምክንያት የሰው ልብ ነው። በ1000 ብር የገዛነው 1200 ሲገባ ለመሸጥ እንቸኩላለን። 800 ሲወርድ ግን «ወደ ገዛሁበት ይመለሳል» ብለን እንይዘዋለን። ተመራማሪዎቹ ሼፍሪንና ስታትማን እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን አሳይተዋል። ስለዚህ ጥሩ ዜና ሲመጣ ሻጩ ይበዛና ዋጋው ቶሎ አይወጣም። መጥፎ ዜና ሲመጣ ደግሞ የሚሸጥ ይጠፋና ቶሎ አይወርድም። በሁለቱም በኩል ዋጋው በአንዴ ሳይሆን ቀስ እያለ ይቀጥላል። ኪሳራን መቀበል ያማል፤ በዚህ ሰውን መውቀስ ይከብደኛል።

ሞመንተም ደግሞ ለዘላለም አይቀጥልም። እ.ኤ.አ. ከማርች 2009 ጀምሮ ወድቀው የነበሩት አክሲዮኖች ድንገት ሲነሱ በዚህ ስልት የሚነግዱ ክፉኛ ተጎድተዋል።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ጉዳዩ የእኛም ሆኗል። የሥራ ባልደረባዬ የባንክ አክሲዮን ሊገዛ ነው። «እየጨመረ ነው አሉ» አለኝ። «መቼ ነው የጨመረው? ከማን ሰማህ?» አልኩት። የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርት አብረን ልናነብ ተቀጣጥረናል።