ስትርቶክ ቡናዬን ሲበላው

አጎቴ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ፣ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ይገዛል። ሒሳቡን የምትይዘው ልጁ ናት። ስልኳ ላይ በአማርኛ ትጽፈዋለች፤ አንድ ግዢ አንድ መስመር፣ ቦታው፣ የቡናው ዓይነት፣ ኪሎው፦ «ማና፡ጀንፈል፡34» እያለች። ባለፈው ክረምት አጎቴ «አንተ ኮምፒውተር ተምረህ የለም እንዴ? ከየት ስንት ኪሎ እንደገባ ደምርልኝ» አለኝ። በኤክሴል ቶሎ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ሲ (C) የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እየተማርኩ ስለነበር፣ በሲ ካልሆነ ብዬ ድርቅ አልኩ።

መስመሩን ለመቆራረጥ ስትርቶክን (strtok)፣ ጽሑፍን መለያው ላይ የሚቆርጠውን የሲ ፋንክሽን፣ ያዝኩ። መለያው ሁለት ነጥብ ስለሆነ «፡»ን ሰጠሁት። ስክሪኑ በጥያቄ ምልክት ተሞላ። ማና የለም፣ ጀንፈል የለም። በሰላም የተረፈው 34 ብቻ ነው።

ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። (በአንደኛው መብራት ስለጠፋ እሱ ባይቆጠርም ይሻላል።) መጨረሻ ላይ ባይቶቹን (ኮምፒውተሩ ጽሑፉን የሚያስቀምጥባቸውን ቁጥሮች) አንድ በአንድ በሄክሳዴሲማል፣ ማለትም በ16 ቤት አቆጣጠር፣ አወጣኋቸው። ለካ በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ሥርዓት) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የጽሑፍን ርዝመት በባይት የሚቆጥረው ስትርሌንም (strlen) «ማና»ን 6 የሚለው ለዚህ ነው። ስትርቶክ ደግሞ የሰጡትን መለያ እንደ አንድ ምልክት አያየውም፤ እያንዳንዱ ባይት ለብቻው መለያ ነው። ሁለት ነጥብ ማለት ኢ1፣ 8ዲ፣ ኤ1 ነው። ከሀ እስከ ፐ ያሉት ፊደሎች በሙሉ የሚጀምሩት ደግሞ በዚያው በኢ1 ነው! «ቡ»ማ ኢ1፣ 89፣ ኤ1 ስለሆነ ግራና ቀኙ ተበልቶ መሃሉ ብቻ ይቀራል። 34 የተረፈው ባለ አንድ ባይት ቁጥሮች ስለሆነ ነው።

ወደ ሌላ የሲ ፋንክሽን፣ ወደ ስትርስትር (strstr) ዞርኩ። እሱ ሦስቱን ባይት በቅደም ተከተላቸው፣ አንድ ላይ ይፈልጋል። ካገኘ ቦታውን የሚያሳይ ጠቋሚ ይመልሳል፣ ካጣ ነል (ምንም ቦታ የማያሳይ ባዶ ጠቋሚ)። ከመስመሩ መጀመሪያ እስከ ጠቋሚው ያለውን እቀዳለሁ፣ 3 ባይት እዘላለሁ፣ እንደገና እፈልጋለሁ። ስትርቶክ ዋናው መስመር ላይ ዜሮ እየጻፈ ያበላሸዋል፤ ይሄ ግን አይነካውም። ልጅቷ ዓይነቱን ሳትሞላ «ማና፡፡34» ስትልም ባዶው ቦታ ባዶ ሆኖ ይመጣልኛል። ስትርቶክ ቢሆን ሁለቱን መለያ እንደ አንድ ስለሚያልፋቸው 34 የቡና ዓይነት ይሆን ነበር።

ከዚያ ደግሞ የሰቃ ጨቆርሳ ወረዳ ድምር ጎደለ። አንዴ «ሰቃ»፣ አንዴ «ሠቃ» ተብሎ ተጽፏል። ለእኛ አንድ ነው፣ ለስትርስትር ሌላ ባይት ነው። ከመፈለጌ በፊት ሠን በሰ፣ ሐን እና ኀን በሀ የሚተካ ትንሽ ፋንክሽን ጻፍኩ። ሁሉም 3 ባይት ስለሆኑ መስመሩ አይረዝም፣ አያጥርም፤ እዚያው ላይ መተካት ነው።

ውጤቱን ይዤ ሄድኩ። አጎቴ መነጽሩን አድርጎ ወረደበትና አንድ መስመር ላይ ቆመ። «ከማና ድረስ 2 ኪሎ ጭኖ የሚመጣ ማነው?»

ዋናውን ሳየው «2 ፈረሱላ» ይላል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ኤቶአይ (atoi) 2ን አንብቦ ቀሪውን ጥሎታል፣ እኔንም አልነገረኝም። አሁን ያንኑ ሥራ በሚሠራው በስትርቶል (strtol) ቀይሬዋለሁ፤ ቁጥሩ የት ላይ እንዳለቀ ጠቋሚ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ «ፈረሱላ» ካለ በ17 አባዛለሁ፤ የማላውቀው ቃል ካለ መስመሩን ለልጅቷ እመልስላታለሁ።