ከነጩ መስመር ሳልወጣ፦ የሰባት ወር የካርት ልምዴ

ቅዳሜ ዕለት ዱባይ ካርትድሮም በሚባለው የካርት (ትንሽ ክፍት የውድድር መኪና) ሜዳ ላይ አንድ ሙሉ ውድድር ያለ ቅጣትና ያለ ማስጠንቀቂያ ጨረስኩ። የወጣሁት አራተኛ ነው። ግን ካርት መንዳት ከጀመርኩ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ የምለው የለኝም። ክንዴ ዛለ፣ ጎኔ በለዘ፣ የጎድን መከላከያ ገዛሁ፣ ነዳጅና ፍሬን አንድ ላይ መርገጥ ተውኩ።

መከራዬን ያበላችኝ አንዲት ኩርባ ናት። ሜዳው በ1.2 ኪሎ ሜትር ውስጥ 17 ኩርባ አለው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ እሷው ላይ ነበር የምበላሸው። ከኩርባዋ ስወጣ አራቱም ጎማዎቼ የመንገዱን ጠርዝ ከሚያሳየው ነጭ መስመር ያልፋሉ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ አራቱም ካለፉ ከመንገድ ወጥተሃል። እኔ ግን «ሁሉም ያደርገዋል» እያልኩ፣ የዙር ሰዓቴን እያየሁ ስኮራ ከረምኩ።

አንድ ቀን አብረውን የሚነዱ ጋሼ የምላቸው ሰው ቪዲዮዬን አዩ። ሁለቴ መለስ አድርገው አዩትና «ይሄ ሰዓት እኮ ያንተ አይደለም፤ መንገዱ ካለቀ በኋላ ያገኘኸው ነው» አሉኝ። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ችግሩ ወደ ኩርባዋ አገባቤ ላይ ነበር። ካርት አሞርዛተር የለውም፣ የግራና የቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞር የሚያደርግ ዲፈረንሻልም የለውም። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ብረት ላይ እኩል ነው የሚዞሩት። ስትታጠፍ የውስጠኛው የኋላ ጎማ ትንሽ ብድግ ካላለ፣ ካርቱ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው የሚፈልገው። እኔ ፍሬን አዘገያለሁ፣ መሪውን ደግሞ ቶሎ አዞራለሁ። የፊት ጎማዎቹ ይንሸራተቱና ወደ ውጭ እገፋለሁ። ከመስመሩ ውጭ ያለው አስፋልት ስህተቴን ይሸፍንልኝ ነበር።

አሁን ፍሬን የምይዘው አንድ የካርት ርዝመት ቀደም ብዬ ነው። አስፋልቱ ላይ የጎማ ጥቁረት አለ፤ እሱ ጋ ሳልደርስ መሪ አልነካም። ሁለት ሳምንት ሙሉ በግማሽ ሰከንድ ቀርፋፋ ሆንኩ። እልህ ያዘኝ፣ ልተወው ሁሉ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሰዓቴ ተመለሰ፤ ያውም መስመሩ ውስጥ ሆኜ።

«ዳኛው ካላየ ችግር የለውም» የሚሉ ልጆች አሉ። በፍጹም አልስማማም። በ2023 የኦስትሪያ ፎርሙላ ዋን ውድድር ላይ መስመር ማለፍ ከ1,200 ጊዜ በላይ ሪፖርት ተደርጓል፤ ቅጣቱም ተሰልቶ ያለቀው ውድድሩ ካበቃ ከሰዓታት በኋላ ነው። በዓመቱ 9ኛውና 10ኛው ኩርባ መውጫ ላይ፣ የወጣን መኪና የሚያዘገይ ጠጠር ሲያደርጉበት ነገሩ ረገበ። ለእኔ ከካሜራ ይልቅ ጠጠር ይሻላል። ሰው ጠጠር ላይ ሊከራከር አይችልም።

ስለ መቅደም ግን ገና ነኝ። በዓለም አቀፍ የካርት ውድድር የፊት መከላከያው በግጭት ወደ ውስጥ ከተገፋ የሰከንድ ቅጣት አለ። የኪራይ ካርት ዙሪያውን ጎማና ፕላስቲክ ስለሆነ መግፋት ይቀላል። እኔም ገፍቻለሁ። ከሁለት ወር በፊት አንድ ልጅ ኩርባ ውስጥ ከኋላ መታሁት፣ እሱ ዞረ፣ እኔ አለፍኩ። ቦታውን መመለስ ነበረብኝ፤ አልመለስኩም።

አሁን ኩርባው ሳይጀምር ጎኑ ካልደረስኩ አልገባም። ከነካሁም እጄን አውጥቼ አሳልፈዋለሁ። ያን ልጅ ግን እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅኩትም። የመጪው ቅዳሜ ዝርዝር ላይ ስሙን አይቻለሁ። ገና የራስ ቁሩን ሳያደርግ ነው የማናግረው።