የማያውቀው ይቁረጥ

«ግሩፕ ሥራ» ሲባል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ጎበዙ ሲሠራ ያድራል፤ ሌላው «ስሜን እንዳትረሳው» ብሎ ይተኛል። አንድ ለአምስት በነበረበት ጊዜም ብዙ ቦታ የታየው ይኸው ነበር። አምስቱ ይቀመጣሉ፣ የሚያወራው አንዱ ነው።

በማስተምረው በሆርቲካልቸር (በአትክልትና ፍራፍሬ ልማት) ይሄ ያሳዝነኛል። እጅ ካልነካው የማይገባ ሙያ ነው። የአቮካዶ ግራፍቲንግን፣ ማለትም የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ በሌላ ችግኝ ላይ ማያያዝን፣ ብቻ እንይ። ሥር የሚሆነው ችግኝ እርሳስ ያህል ሲወፍር ይቆረጥና መሐሉ ይሰነጠቃል። ሃስ ከሚባለው የአቮካዶ ዝርያ የመጣው ቅርንጫፍ እንደ ሽብልቅ ተጠርቦ ይገባበታል። ከልጣጩ ሥር ያለው ቀጭን ሽፋን፣ ካምቢየሙ፣ ቢያንስ በአንድ ወገን ካልገጠመ አይያያዝም። አንዱ ሠርቶ አራቱ ቢያዩ፣ አራቱ አልተማሩም።

ዘንድሮ በጂግሶ ዘዴ እያስተማርኩ ነው። ኤልዮት አሮንሰን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከተማሪዎቹ ጋር በ1971 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ፣ ኦስቲን ውስጥ የጀመረው ነው። ጥቁር፣ ነጭና ላቲኖ ልጆች ገና አብረው መማር የጀመሩበት፣ ጠብ የበዛበት ጊዜ ነበር። በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ የቡድን አባል ሌሎቹ ያልያዙትን የትምህርቱን ክፍል ይይዛል። ከየአቅጣጫው የመጡ ልጆች ለሚቀመጡበት ለእኛ ክፍል የተሠራ ይመስለኛል።

ጥያቄው ለሁሉም አንድ ነው፦ አንድ ገበሬ ግማሽ ሄክታር ላይ አቮካዶ ሊተክል ነው፣ ምን ትመክሩታላችሁ? ከየቡድኑ አንዱ ሥር አበስባሽ በሽታን ያጠናል፣ ሌላው ግራፍቲንግን፣ ሌላው አበባን፣ ሌላው የምርት አሰባሰብን። ተመሳሳይ ርዕስ የደረሳቸው አብረው ይሠሩና ወደየቡድናቸው ተመልሰው ያስተምራሉ።

አበባው የደረሳት ልጅ ክፍል ውስጥ ብዙም የማትናገር ናት። የሃስ አበባ ጠዋት በሴትነት ይከፈትና ይዘጋል፤ በማግስቱ ከሰዓት በወንድነት ይከፈታል። ኤቲንገር የሚባለው ሌላ ዝርያ ደግሞ በተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አቀራርቦ መትከል ፍሬ ለመያዝ ያግዛል። ይህን በእንግሊዝኛ ጀመረች፣ በአማርኛ ቀጠለች፣ ለአንዱ ጓደኛዋ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ደገመችለት። ልጁ መሬቱን ሁሉ ሃስ ሊያስተክል አቅዶ ነበር። እዚያው እስክሪብቶ አንስቶ ዕቅዱን አስተካከለ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ በሦስት ቋንቋ ማስረዳት አልችልም። ጓደኛ ለጓደኛ ግን ይችላል።

ግራፍቲንጉን የማስተምረው ከችግኝ ጣቢያችን ሠራተኛ ጋር ነው። ተማሪዎቹ «እናት» ይሏቸዋል። ዲግሪ የላቸውም፤ ምላጭ ሲይዙ ግን ሁላችንም ዝም ብለን ነው የምናያቸው። አንድ ሕግ አላቸው፦ «የሚያውቀው ይናገር፣ የማያውቀው ይቁረጥ።» ጎበዙ እጁን ሲዘረጋ «ተው ልጄ፣ አንተ ንገረው» ይሉታል። አብሮ ማስተማር ሲባል የሁለት ዶክተሮች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታሰቡ አይዋጥልኝም።

ማርኩ ነው የሚያከራክረን። ጎበዞቹ ውጤታችን በሌላ ሰው ድካም ይወሰናል ብለው ይሰጋሉ፤ ልክ ናቸው። ስለዚህ አብዛኛው ነጥብ ለግል ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ ግራፍት ያደረገው ችግኝ ላይ ስሙ ይታሰራል። ትንሹ የቡድን ነጥብ የሚገኘው ግን ማንኛውም አባል ጓደኛው ስላጠናው ርዕስ ተጠይቆ ሲመልስ ነው። ይህችን ነጥብ ለማንም ብዬ አልተዋትም። በሚቀጥለው ሴሚስተር አትክልት ስንጀምር ደግሞ እናት ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ አብረውኝ ይገባሉ።