ኤልኒኖ ለወሎና ለቦረና አንድ አይደለም

«ዘንድሮ ኤልኒኖ ነው፣ ድርቅ ይመጣል» ሲባል መቅደም ያለበት ጥያቄ «የትኛው አካባቢ፣ በየትኛው ወቅት?» የሚለው ነው።

በደህናው ጊዜ በፓስፊክ የምድር ወገብ ላይ ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ሞቃቱን ውኃ ወደ ኢንዶኔዥያ ይገፋዋል፤ ባሕሩ በዚያ በኩል ከደቡብ አሜሪካ ዳርቻ ይልቅ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ነፋሱ ሲደክም የተከመረው ሙቅ ውኃ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። የመካከለኛው ፓስፊክ ገጽ ከመደበኛው በ0.5 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ሞቆ ለወራት ሲቆይ ኤልኒኖ፣ በዚያው ልክ ሲቀዘቅዝ ላኒና ይባላል። ምልልሱ ከ2 እስከ 7 ዓመት ስለሚለያይ ዓመት ቆጥሮ መጠበቅ አይሠራም።

ኤልኒኖ በክረምት ሲበረታ፣ ለሰሜንና ለመካከለኛው ደጋ ዝናብ የሚያግዘው በሰማይ ከፍታ ከምሥራቅ የሚነፍሰው ፈጣን ነፋስ ይዳከማል። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ከሽፎ ክረምቱም ሲከሽፍ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ ጠባቂ ሆነ። ጥቅምትና ኅዳር ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በእነዚህ ወራት የሚዘንበው አጭሩ ዝናብ፣ የቦረና ሀጋያና የሶማሌ ደይር፣ ይበረታል። እዚህ ላይ የህንድ ውቅያኖስን መርሳት ከባድ ስሕተት ነው። የውቅያኖሱ ምዕራባዊ ክፍል ከምሥራቁ ይበልጥ ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ እኛ ይመጣል። በ1990 ዓ.ም. ሁለቱ ገጥመው ብርቱ ጎርፍ አስከተሉ፤ በ2012 ደግሞ ያለ ብርቱ ኤልኒኖ የህንድ ውቅያኖስ ብቻውን ምሥራቅ አፍሪካን አጥለቀለቀ። ላኒና በፊናው ከ2013 እስከ 2015 ተደራርቦ የቦረናና የሶማሌ ቆላ አምስት የዝናብ ወቅቶችን በተከታታይ አጣ፤ የአርብቶ አደሩ ከብት አለቀ።

ለገበሬው የሚከብደው የጊዜው ነገር ነው። የኤልኒኖ ትንበያ ይበልጥ የሚሳሳተው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲወጣ ነው፤ ማሽላና በቆሎ የሚዘራውም ያኔ ነው። ስለዚህ መሬቱን በሙሉ ለረጅም ጊዜ ሰብል አለመስጠት፣ ዝናቡ ከዘገየ በሐምሌ የሚዘራ ቶሎ ደራሽ ጤፍ በጎተራ ማቆየት፣ መረሬ መሬት ላይ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ሽምብራ መዝራት ያዋጣል። ትንበያው «ከመደበኛ በታች 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 20 በመቶ» ቢል፣ ድርቅ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ያልደረቀ ክረምት የመሆን ዕድሉ ገና 55 በመቶ ነው።

«መደበኛ» የሚለውም ቃል ራሱ መመርመር አለበት። ከኤልኒኖና ከላኒና በላይ የዘገዩ የባሕር ሙቀት ዑደቶች አሉ። የሰሜን ፓስፊኩ አንዱን ገጽታ ለ20 እና ለ30 ዓመት ይዞ ይቆያል፤ እ.ኤ.አ. በ1977 አካባቢ ከቀዝቃዛው ወደ ሞቃቱ ዞሮ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ዘለቀ፤ በእነዚያ ዓመታት ኤልኒኖ ከላኒና በዛ። የሰሜን አትላንቲኩ ደግሞ ከ60 እስከ 80 ዓመት ይፈጃል፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሲቀዘቅዝ ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ያለው የሳህል ቀበቶ ደረቀ። የዛሬው መደበኛ የሚለካው ግን እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ባለው አማካይ ነው፤ የአትላንቲኩን ዑደት ቢበዛ ግማሹን ያያል። በአካባቢያችሁ ጣቢያ ከዚያ የቆየ የዝናብ መዝገብ ካለ፣ የደረቁትን አሥርት ዓመታት ለብቻ አውጥታችሁ ከአማካዩ ጎን አስቀምጧቸው፤ ግድብም ሆነ ጉድጓድ ሲታቀድ መለኪያው እነሱ ይሁኑ።