ከምንጠራው በፊት የሚታሰር ቀይ ጨርቅ

በጅማ ዙሪያ ያለውን የቡና መሬት ከመንገድ ዳር ሆኖ የሚያይ ሰው ደኑ ምንም ያልጎደለበት ይመስለዋል። ሰሳው፣ ዋንዛውና ብሳናው ከላይ ጥላቸውን ዘርግተው ቡናው ከሥራቸው ለምልሞ ስለሚታይ የጠፋ ነገር አለ ብሎ የሚጠረጥር የለም። እኔም እዚሁ ባድግም ለረጅም ጊዜ የማስበው እንደዚያው ነበር። ሐሳቤ የተለወጠው ከጥቂት ጎረቤቶቼ ጋር በአንድ አዛውንት የቡና ማሳ ውስጥ ስንዘዋወር፣ ወደ ቅርንጫፎቹ ማንጋጠጤን ትቼ መሬቱን ማየት በጀመርኩበት ቀን ነው።

ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል፤ ተተኪ ግን የላቸውም። ገበሬው ለለቀማ እንዲመቸውና ቡናው በአረም እንዳይዋጥ በየዓመቱ ከሥር ያለውን ቁጥቋጦ ይመነጥራል፤ ገጀራውም አረሙን ከዛፍ ቡቃያ አይለይም። ሰሳና ብርብራ ለቡና ጥላ ስለሚፈለጉ ይተርፋሉ። ቁመቱ ከ40 ሜትር የሚበልጠው ቀረሮ ግን በጥላ ሥር በዝግታ የሚያድግ በመሆኑ፣ ከገጀራው ከፍ ብሎ ለመታየት ብዙ ዓመት ያስፈልገዋል፤ ያን ያህል ዓመት ደግሞ ማንም አይታገሠውም። አሮጌው ቀረሮ ለጣውላ ሲቆረጥ ወይም በንፋስ ሲወድቅ ቦታውን የሚይዝ ልጅ አይኖርም። ደን በመጥረቢያ ሲጨፈጨፍ ሁሉም ያያል፤ ይህኛው ጥፋት ግን ድምፅ የለውም፣ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም እርሱ ነው።

ስለዚህ ነሐሴ ሲገባ፣ ምንጠራው ከመጀመሩ በፊት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በፈቃደኛ ገበሬዎች ማሳ ውስጥ እየተዘዋወርን የቀረሮ፣ የዶቅማና ገበሬው ሆሚ የሚለውን የጥቁር እንጨት ቡቃያ እየፈለግን እንዳይቆረጥ ቀይ የጨርቅ ቁራጭ እናስርበታለን፤ አጠገቡም ምልክት የሚሆን እንጨት እናቆማለን። እናት ዛፍ በሌለበት ማሳ ብቻ ችግኝ ከችግኝ ጣቢያ አምጥተን በሐምሌ እንተክላለን። የጥቁር እንጨት ዘር ብዙ ቀን ከቆየ የመብቀል አቅሙን ስለሚያጣ፣ ፍሬው እንደተለቀመ መዘራት አለበት፤ ዝግባ በበኩሉ ለመብቀል ወራት ስለሚፈጅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ወፎችና ጦጣዎች ጥለውት የበቀለውን መጠበቅ ከዚህ ሁሉ ድካም ያድናል።

በመጀመሪያው ዓመት ከባድ ስሕተት ሠራን። ለባለይዞታው ብቻ ነግረን የቀን ሠራተኞቹን ሳናነጋግር ሄድን። ስንመለስ ጨርቆቹ ከነቡቃያዎቹ ተቆርጠው መሬት ላይ ወድቀው አገኘናቸው። ሰዎቹ ጥፋት የለባቸውም፤ የሚከፈላቸው በጸዳው ስፋት ልክ ነው፣ ስለ ጨርቁም የነገራቸው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ምንጠራው በሚጀመርበት ማለዳ እዚያው ተገኝተን ከመንጣሪዎቹ ጋር ቡና እየጠጣን ቡቃያዎቹን አንድ በአንድ እናሳያቸዋለን። ከእነርሱ መካከል አንዱ የቀረሮን ቅጠል ከእኛ ይልቅ በሩቁ ይለያል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የአዛውንቱ ጥያቄ ነው። «ልጆቼ፣ እኔ ብጠብቀው ነገ ልጄ ቤት ሊሠራበት ሲፈልግ ማን ቁረጥ ይለዋል?» አሉን። እዚሁ ጅማ ዞን ባለው በበለጤ-ጌራ ደን ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር ስለተዋዋሉ መብታቸውና ግዴታቸው ተጽፏል፤ በግል ይዞታ ላይ ያለው ሰው ግን ብቻውን ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬቱን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ፣ ገበሬው በጉልበቱ ላፈራው ቋሚ ንብረት መብት ሰጥቶታል። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም የግል ደንን በስም ያውቀዋል። ይህን ባስረዳናቸው ጊዜ አዛውንቱ በጥሞና አዳመጡንና «እኔ የተከልኩት የኔ ነው፤ ጦጣ የተከለውስ?» ብለው ጠየቁን። ፍርሃታቸው ተገቢ ነው። ገበሬው አገር በቀል ዛፍ ሲያድግበት ንብረቱ እንደጨመረ ካልተሰማው፣ ቡቃያውን ገና ለጋ ሳለ መቁረጡ አይቀርም። ስለዚህ አሁን ቡቃያዎቹን በየማሳው እየቆጠርን በደብተር እንመዘግባለን፤ ባለይዞታውና የቀበሌው ሰው ይፈርሙበታል። ይህ ወረቀት በሕግ ፊት ምን ያህል እንደሚጸና ገና ባይፈተንም፣ አዛውንቱ የራሳቸውን ቅጂ ከይዞታ ደብተራቸው ጋር አጥፈው አስቀምጠውታል።

ዘንድሮ ምንጠራው ቶሎ የሚደርሰው ወንዝ ዳር ባለው ማሳ ስለሆነ ከዚያ እንጀምራለን። የሚመጣ ሰው ቦቲ ጫማና ያረጀ ቀይ ጨርቅ ይያዝ።