አሜሪካ ሰራሽ የሚባለው የድሮ ሽጉጥ

ባለ ባልጩት የድሮ ሽጉጥ (በድንጋይ ፍንጣሪ ባሩድ የሚያቀጣጥለውን) እሰበስባለሁ ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይተኩሳል ወይ ብሎ ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ ፈቃድ አለህ ወይ። ፈቃዱን ቶሎ ልጨርሰው፣ በአሜሪካ ፌደራል ህግ በ1898 ወይም ከዛ በፊት የተሰራ መሳሪያ አንቲክ ነው፣ እንደ ዘመናዊ ሽጉጥ አይቆጠርም፣ ግን ስቴቶች የየራሳቸው ህግ ስላላቸው ያላችሁበትን አጣሩ። መተኮሱን እኔ አልሞክረውም።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ኦንላይን ገብታችሁ የአሜሪካ ኮሎኒያል ሽጉጥ (አሜሪካ ከእንግሊዝ ነፃ ከመውጣቷ በፊት የነበረውን ማለት ነው) ብትፈልጉ መአት ይመጣላችኋል፣ አብዛኛው ግን እዚህ አልተሰራም፣ ከእንግሊዝ ወይም ከሌላ አውሮፓ አገር በመርከብ የመጣ ነው። የፈረንሳዩ መኮንን ላፋዬት ለጆርጅ ዋሽንግተን የሰጠው ጥንድ ሽጉጥ እንኳን፣ ኋላ ፕሬዝዳንት አንድሪው ጃክሰን እጅ የገባው፣ በ2002 ክሪስቲስ ጨረታ ላይ 1,986,000 ዶላር የወጣበት፣ አሁን ፔንስልቬንያ ፎርት ሊጎኒየር ሙዚየም ያለው፣ እሱም አውሮፓ ነው የተሰራው።

እዚህ አገር ያለው ጠመንጃ ሰሪ ምን ያደርግ ነበር መሰላችሁ፣ ማቀጣጠያውን ከእንግሊዝ የመጣውን ይገዛል፣ ባሬሉን (አፈሙዙን) ከተሰበረ መሳሪያ ይነቅላል፣ እንጨቱን ግን ካካባቢው ሜፕል ወይም ቼሪ ይጠርባል። ስለዚህ መጀመሪያ የማየው እንጨቱን ነው (ዋልነትም ይጠቀሙ ስለነበር ዋልነት ሆኖ ስላገኛችሁት ብቻ አውሮፓዊ ነው አትበሉ)። ብዙ ሰብሳቢ እንዲህ አይነት ቅልቅል አይወድም፣ እኔ ግን ከንፁህ የለንደን ሽጉጥ እሱን እመርጣለሁ፣ አሜሪካዊነቱ እዛ ላይ ነው ያለው እኮ።

ከዛ ማቀጣጠያው ነው፣ ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ምላጩ ሲሳብ ባልጩቱን የነከሰው ቃታ ወርዶ የብረት ክዳኑን ይመታል፣ ክዳኑ ሲከፈት ፍንጣሪው ጎድጓዳው ውስጥ ያለው ባሩድ ላይ ያርፋል፣ እሳቱ በባሬሉ ጎን ባለች ቀዳዳ ገብቶ ዋናውን ባሩድ ያነዳል። ከ1820ዎቹ ጀምሮ ካፕ የሚባለው፣ ሲመታ እሳት የሚሰጥ ትንሽ የብረት ቆብ፣ ሲስፋፋ ባለቤቶቹ ክዳኑንና ጎድጓዳውን አስነቅለው ወደ ካፕ አስቀየሩት፣ በኋላ ባልጩቱ ውድ ሲሆን ደግሞ ነጋዴ መልሶ ባልጩት አደረገው!! ዋጋው ላይ ከባድ ልዩነት ያመጣል። እንዴት ይታወቃል ብትሉኝ፣ የማቀጣጠያው ሳህን በዝገት ተበልቶ ቃታውና ጎድጓዳው ለስላሳ ከሆኑ አብረው አላረጁም ማለት ነው፣ ክብ ክብ ሆነው የተደፈኑ የብሎን ቀዳዳዎች ካሉም እንደዛው። ደግሞ ብዙ የተተኮሰ ባልጩት በዛች ቀዳዳ ዙሪያ ብረቱን ይበላዋል፣ እንጨቱንም ያጠቁረዋል፣ እዛ ጋ ሁሉም ነገር ንፁህ ከሆነ እኔ እጠራጠራለሁ።

ባሬሉ ላይ ያለውን ማህተምም እዩ፣ የእንግሊዙ የበርሚንግሃም ፕሩፍ ሃውስ (ባሬል ተፈትኖ ማህተም የሚመታበት ቤት) የተቋቋመው በ1813 ነው፣ የሱ ማህተም ያለበትን ባሬል ኮሎኒያል ነው ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ እያወቀ ነው።

እውነተኛ እዚህ የተሰራ ማየት ለሚፈልግ ስሙ ራፓሃኖክ ፎርጅ ነው፣ ከዲሲ በሀይዌይ 95 ወደ ደቡብ ስትነዱ ቨርጂኒያ ውስጥ ፍሬድሪክስበርግ ከመድረሳችሁ በፊት ፋልማውዝ የምትባለዋ ቦታ፣ የጄምስ ሃንተር ብረት ማቅለጫ ነበር። በአብዮቱ ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝን የፈረሰኛ ሽጉጥ ኮፒ አድርገው ሰሩ (ስለዚህ በጥብቅ ከሄድን ኮሎኒያል አይባልም)። የተረፈው በጣም ጥቂት ነው፣ በኔ ኪስ አይታሰብም።

ስለዚህ ቅልቅሉን ነው የማሳድደው። ጋን ሾው (የመሳሪያ ገበያ) ላይ ዲለሩ ሁሉም ኦሪጅናል ነው ካለኝ ማቀጣጠያውን ፈተህ ውስጡን አሳየኝ እለዋለሁ፣ እምቢ ካለ ቀጣዩ ጠረጴዛ ጋ እሄዳለሁ። ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ በናታችሁ በብረት ሱፍ አትፈግፍጉት፣ ያ ቡናማ መልኩ ከጠፋ ዋጋውም አብሮ ይጠፋል፣ ትንሽ ዘይት በጨርቅ ይበቃዋል።