ከላምበረት እስከ አራት ኪሎ

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሸኖን ብርድና የሰንዳፋን ግርግር አልፈን ላምበረት መናኸሪያ ወረድን። ከዚያ በመገናኛ በኩል በሚኒባስ አራት ኪሎ። «የሞላ! ሁለት ሰው!» ይላል ረዳቱ፣ ገብተን ስናይ ግን ግማሹ ባዶ ነው።

የመጣሁት እህቴን ልጠይቅ ነው። ከወለደች በኋላ ያላትን 90 ቀን ከዓመት ፈቃዷ ጋር አዳብላ ጨርሳ ሥራ ጀምራለች። ልጁስ? ቢሮዋ ውስጥ ማቆያ አለ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕጻናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዞ ነበር። በምሳ ሰዓት ይዛኝ ገባች።

በር ላይ ጫማ ይወለቃል። ፍሪጁ ውስጥ ጡጦዎች ተደርድረዋል፣ በየጡጦው ላይ የልጁ ስም በፕላስተር ተለጥፏል። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ መዝገብ አለ፤ ማን ስንት ሰዓት በላ፣ መቼ ተኛ፣ ዳይፐሩ መቼ ተቀየረ፣ ሁሉም ይጻፋል። መዝገቡን ቆሜ አነበብኩት። እህቴ «እትዬ፣ ምሳችን ቀዘቀዘ» እያለች ትጎትተኛለች።

እኔ የገጠር ትምህርት ቤት የኦ ክፍል፣ ማለትም ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ክፍል፣ አስተማሪ ነኝ። ክፍላችን ያለው ዴስክ ከትልልቆቹ የተረፈ ስለሆነ የልጆቹ እግር መሬት አይደርስም። ስድስት ዓመት ሞልቷቸው የአራት ዓመት ልጅ የሚያካክሉም አሉ። በ2008 ዓ.ም. በተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች የቀነጨሩት በአዲስ አበባ ከመቶ 15 ያህል፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 ያህል ነበሩ። መንግሥት የልጆችን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተፈረመው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ቁጥሩን ሳነብ ብዙም አልገረመኝም፤ በየጠዋቱ ዴስክ ላይ ተቀምጦ የማየው ነው።

አዋጁ ጥሩ አዋጅ ነው፣ አላማርርም። ግን ልጁን የሚያገኘው በእናቱ ደመወዝ በኩል ነው። አራሽዋ እናት ፔሮል ላይ የለችም። እዚያው አራት ኪሎ አስፋልት ዳር ልጇን አዝላ ሶፍት የምትሸጠውም የለችም። እኛ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሕጻናቱን ትመዝናለች፣ ታስከትባለች። ሁለት ዓመት ካለፋቸው በኋላ ግን እኔ ክፍል እስኪገቡ ድረስ «እንዴት ናችሁ?» የሚላቸው የለም። ሚዛን ያለው ጤና ኬላ፣ ልጁ ያለው ቤቱ። ማቆያ ቢሠራ ከቢሮ ይልቅ ከጤና ኬላው አጠገብ ቢሆን እመርጣለሁ።

የእህቴን ልጅ የምትይዘው ሞግዚት የመንዝ ሰው ናት። ልጁ እቅፏ ላይ ተኝቷል።

«አንቺስ ልጅ አለሽ?» አልኳት።

«አለ እንጂ፣ የኔ እህት። እናቴ ጋ ነው፣ መሐል ሜዳ። እዚህ ማቆያው ለቋሚ ሠራተኛ ልጅ ነው፣ እኔ ኮንትራት ነኝ። በዚህ ኪራይ ደሞ የት አኖረዋለሁ?»

አምስት ዓመት ሞልቶታል። ኦ ክፍል ይቀበሉት እንደሆነ ጠየቀችኝ። የልደት ምስክር ወረቀት የለውም፣ የክትባት ካርዱን ግን አያቱ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ካርዱን ይዛ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ምዝገባ ሳይዘጋ እንድትሄድ ነገርኳት፤ ርእሰ መምህሩ ካንገራገረ ደግሞ እንድትደውልልኝ ስልኬን ጻፍኩላት።